ከአርባዎቹ ጋር

እኛ ቤት አንድ የማይጠየቅ ታሪክ ነበር። የአያቴ አባት አርመን ነው፤ ጃንሆይ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው ከአርባ ልጆች አንዱ ነው። በቃ። ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ስንባል ይህንኑ ጽፌ ክፍሉ አጨብጭቦልኛል። የእናቴን ዓይን አይቶ "እናንተ ከየት ናችሁ?" ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነበር።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አለፉ። በዚያ የአርመን ገዳም ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ፣ እናትና አባት የሌላቸው ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። አርባዎቹን በኃላፊነት ተረክበው ወደ አገራቸው እንዲመጡ አደረጉ። ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። አዲስ ዓመት ሊብት አምስት ቀን ሲቀረው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ "ኢትዮጵያ ሆይ" የሚለውን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ አብዮቱም ድረስ የአገር መዝሙር ሆኖ ቆየ። ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ቅድመ አያት ያለው ሰው ምን ብሎ ይመረምራል?

እኔም አልመረመርኩም ነበር። አያቴ የኖረችበት የፒያሳ ቤት ሊፈርስ ሆኖ ዕቃ ስናወጣ ከአልጋዋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ሦስት ነገር ነበረበት። ፎቶ፣ በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለሉ አምስት ደብዳቤዎች፣ እና ጥራዙ የላላ የብራና ዳዊት።

ፎቶው ላይ አንድ ወፍራም ፂም ያለው ሰውዬ ወንበር ይዞ ቆሟል። ገልብጬ ሳየው በቀለም የተጻፈ ነገር አለ፦ ጅቡቲ፣ 1911። መጀመሪያ "በኛ አቆጣጠር ይሆናል" ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ነው፣ የተነሳውም ጅቡቲ ነው፤ በፈረንጅ ቤት በሐበሻ አቆጣጠር የሚጽፍ ማን አለ? ይሁን ብንል እንኳ በኛ 1911 ማለት በፈረንጅ 1918 እና 1919 ነው። አርባዎቹ በዚያን ጊዜ ገና ኢትዮጵያ የምትባለውን አገር አያውቋትም። ደግሞ ፂሙን ተመልከቱት! በ1911 እንዲህ ያለ ፂም ያበቀለ ሰው በ1924 "ልጅ" አይባልም።

አንድ ሰው በራሱ ቤት ታሪክ ላይ ፖሊስ ሲሆን ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅኩ። ፎቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ለማንም ሳልነግር ከረምኩ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። አርመኖች እዚህ አገር የመጡት በ1924 ነው የሚለው እኔ ብቻ የማምነው ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ አርመን ነበር ይባላል። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ በስሙ "የሰርኪስ ባቡር" ተብሎ ቀርቷል። በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ማንም ስማቸውን የማያነሳ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰሪ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ወርቅ አንጥረኛ ነበሩ። ቦሪስ አጀሚያን የተባለው የታሪክ ምሁር በእነዚህ ስደተኞች ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ የአርባዎቹ ታሪክ ዝነኛ ስለሆነ ቀድሞ የመጣውን ሁሉ እንዴት ጥላ እንዳጠለበት እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ ቤትም የሆነው እሱ ነው።

ስለ ስም ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ግማሹን ጊዜዬን የበላው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። አርመኖች ግን አላቸው፣ መጨረሻውም "ያን" ነው፤ የእገሌ ወገን እንደማለት። ከፊቱ ያለው ብዙ ጊዜ የቱርክኛ የሥራ ስም ነው። ተርዚ ልብስ ሰፊ፣ ተርዚያን። ቦያጂ ቀለም ነካሪ፣ ቦያጂያን። ናልባንድ ፈረስ ላይ ብረት የሚመታ፣ ናልባንዲያን። አንድ ስም ስታገኙ የሰውየውን አያት ሱቅ በር ላይ ቆማችኋል ማለት ነው። ችግሩ እዚህ አዲስ አበባ ሲገቡ "ያን" የሚለው ይወድቃል። ሆቫነስ ዮሐንስ ይሆናል፣ ሀጎፕ ያዕቆብ ይሆናል፣ ሰፈሩ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ "ሙሴ" ይለዋል። የኛው ሰው በአንድ ዕድሜ ሦስት ስም ነበረው። ሦስቱንም እዚህ አልጽፋቸውም፤ አያቴ "የሰው ስም ገበያ አይወጣም" ብላ ከልክላኛለች።

ወደ አርመን ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ይባላል፣ እንደኛው። የፒያሳ ልጅ ሆኜ በበሩ ሺህ ጊዜ አልፌ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። በአንድ ወቅት ከሺህ በላይ የነበሩት አርመኖች ከአብዮቱና ከ1967ቱ የቤት ውርስ በኋላ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፈረንሳይ ሄደው ዛሬ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። አንድ አዛውንት ተቀበሉኝ። ፎቶውን አሳየኋቸው። ብዙ አላወሩም፤ መዝገቡን አወጡና ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ያነቡልኝ ጀመር። ፊደሉ ከሩቅ የኛን ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት ግን አንዱም አይነበብም። ጎበዝ፣ በገዛ ቅድመ አያት ስም ፊት መሃይም መሆን ደስ አይልም።

አገኙት። የቀብር መዝገብ ላይ፣ በ1955። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ አይንታብ፣ ሥራ ጫማ ሰሪ። አይንታብ ማለት ዛሬ ቱርክ ውስጥ ጋዚአንቴፕ የምትባለው ከተማ ናት። "ባለቤትና ልጆችስ?" አልኩ። አዛውንቱ መስመሩን እንደገና አዩት። "እዚህ አልተጻፈም" አሉኝ። ቀና ብለው ፊቴን አዩና "የተጋቡት እዚህ ካልሆነ አይጻፍም፣ ልጄ" ብለው ጨመሩልኝ።

እውነታቸውን ነው። የአያቴ እናት የመንዝ ሰው ናት፤ የተጋቡት በሰማንያ ነው። አባቴ የሚሉት ሰውዬ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሲቀበር፣ በመዝገቡ ላይ ብቻውን የመጣ ብቻውን የሄደ ሰው ሆነ።

ቤት ተመልሼ ዳዊቱን ገለጥኩ። ድሮ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጣው ከዳዊት መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ነበር። እዚያ፣ በካህን እጅ ጽሑፍ፣ "ወለተ ማርያም" የምትባል ልጅ ግንቦት 21 ቀን 1931 ዓ.ም. ክርስትና ተነሳች ይላል። አያቴን ወለተ ማርያም ብሎ የሚጠራት የንስሐ አባቷ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘር ሐረግ የምትፈልጉ ልጆች፣ የክርስትና ስሙን ሳታውቁ ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ ሰውዬው አልተወለደም ትባላላችሁ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሳው፤ ከግንቦት 21 ወደ ኋላ ሰማንያ ቀን ስቆጥር መጋቢት መባቻ ላይ ደረስኩ። ሰማንያ አምስት ዓመት ሙሉ ልደቷን በግምት "ሁዳዴ ላይ" ስትል የኖረች ሴት ቀን አገኘች። ጣልያን አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው።

ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦ የአባቷ ስም፣ በኛ ፊደል፣ "ያን" ሳይቀር። የእናቷም ስም አጠገቡ። አርመኖችና እኛ የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት ወገን ነን፤ በሃይማኖት እህትማማች ነን ይባላል። ለዚህ ይሆናል ካህኑ እጁ ያልተንቀጠቀጠው። የአንዱ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ የባልን ቀብር ይዟል፣ የሌላው ካህን ጽሑፍ የልጅን ክርስትና ይዟል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀምጣቸው የአያቴ የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ነበር።

ደብዳቤዎቹ ቀሩ። ፎቶ አንስቼ የሬቫን ላለች የኢንተርኔት ወዳጄ በቴሌግራም ላክሁላት። በማግስቱ "ፊደሉ የኛ ነው፤ ግን አንድ ቃል አልገባኝም" አለችኝ። እጅ ጽሑፉ ይሆናል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። የአይንታብ አርመኖች አብዛኞቹ አፍ የፈቱት በቱርክኛ ነበር፤ ሲጽፉ ግን ቱርክኛውን በአርመን ፊደል ይጽፉታል። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፋችሁ የምትልኩ ሁሉ ይገባችኋል። ወዳጄ ፊደሉን እየለወጠች ድምፁን ጻፈችልኝ፣ ቱርክኛ የሚችል ሌላ ሰው ደግሞ ተረጎመው። ሦስት ሳምንት ፈጀ።

አምስቱም የእናቱ ናቸው፣ አስጽፋቸው። የምትጠይቀው ነገር ሁሌ አንድ ነው፤ እዚያ አገር ብርድ አለ ወይ፣ ማን ያበስልልሃል፣ የላክኸው ገንዘብ ደረሰ። በ1909 አዳና ላይ አርመኖች በታረዱ ማግሥት እንደሄደ ከሁለተኛው ይገባል፤ "አዳና ከሆነው በኋላ ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ አሁን ደግሞ ና የምልህ እኔው ነኝ" ትላለች። የመጨረሻው በ1914 መከር ላይ የተጻፈ ነው። ወንድምህን ለጦር ጠሩት ይላል፣ ስሙን ጠርታ። ጫማ የለውም፣ አንተ ብትኖር ትሰፋለት ነበር ይላል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለም።

ለጦር የተጠሩት አርመኖች በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያ ተነጥቀው መንገድ ቆፋሪ ሆኑ፤ ብዙዎቹም እዚያው ተገደሉ። የአይንታብ ሕዝብ በ1915 ክረምት ወደ ሶሪያ በረሃ ተነዳ። ደግሞ ጅቡቲ ያኔ የፈረንሳይ ነበረች፣ ቱርክና ፈረንሳይ ጦር ላይ ነበሩ፤ ፖስታውም በዚሁ ተዘግቶ ይሆናል። እናትየው የቱ ጋ እንደቀረች ወረቀቱ አይናገርም።

አሁን ለአያቴ መንገር ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። የሰማንያ አምስት ዓመት ሰው "አባትሽ ከአርባዎቹ አይደለም" ይባላል? አባቷ የጃንሆይ ልጅ እንጂ የፒያሳ ጫማ ሰፊ እንዳልሆነ ስትናገር ነው ያደግነው። ቡና አፍልታ ሁለተኛው እስኪወርድ ጠበቅሁና ፎቶውን ገልብጬ አሳየኋት። ቁጥሩን አነበብኩላት።

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

"እኔ መቼ ከአርባዎቹ ነው አልኩ? ከአርባዎቹ ጋር ነው ያልኩት።"

"ምን ልዩነት አለው እማማ?"

"እናቴ የነገረችኝን ነው። አርባዎቹ በባቡር የመጡ ቀን አባዬ ሱቁን ዘግቶ ለገሃር ወረደ። ሕዝቡ ሙዚቃውን ያያል፣ እሱ ልጆቹን እየዞረ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ከአይንታብ የመጣ አለ? የእነ እገሌን ቤት የሚያውቅ አለ? ሲመሽ ተመልሶ እራት አልበላም። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እየሄደ የልጆቹን ጫማ ይሰፋ ነበር፣ በነፃ። ሰው 'ሙሴ ከአርባዎቹ ጋር ነው' ይላል። ከአርባዎቹ ጋር ነው ማለት እዚያ ነው ያለው ማለት ነው።" ስኒዋን አስቀመጠች። "እናንተ ናችሁ 'ጋር'ን የጣላችሁት። እኔ ደግሞ ካማረባችሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

የትኛው ዓመት ላይ "ጋር" እንደወደቀች አላውቅም፤ ምናልባት እኔው ትምህርት ቤት ስጽፍ ነው።

ደብዳቤዎቹን አነበብኩላት። ስለ ብርዱ ስትሰማ "ይኸው፣ አዲስ አበባን ታውቃት ነበር" አለች። የመጨረሻው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

"የወንድሙን ስም ድገሚው።"

ደገምኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ በአፏ እየሞከረችው፣ መጨረሻውን እያለሰለሰች። እህት ወንድም እንደነበረው ሰምታ አታውቅም።

"ያንን ዳዊት አምጪው" አለችኝ። "እስክሪብቶም አምጪ።"