ሎተስ (የኩሬ ተክል)

ሎተስ (ሳይንሳዊ ስሙ ኔሉምቦ ኑሲፌራ) ሥሩን በጭቃ ውስጥ ሰድዶ ቅጠሉንና አበባውን ከውሃ በላይ ከፍ የሚያደርግ፣ መነሻው እስያ የሆነ ዘላቂ ተክል ነው። በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘውና ቅጠሉ የሚንሳፈፈው የውሃ አበባ (ኒምፊያ) ቢመስለውም የቅርብ ዝምድና የላቸውም።

አተካከል፦ ጭቃ ውስጥ የሚጋደመው ግንዱ በሰፊ ሳፋ፣ እንደ ዋልካ ባለ ከባድ አፈር ላይ በአግድም ይተከላል። ጫፉ ላይ ያለው ቡቃያ በቀላሉ ስለሚሰበር አይቀበርም። ብስባሽ ውሃውን ስለሚያበላሽ አይጨመርም። ውሃው መጀመሪያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ተክሉ ሲጠነክር ከ15 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል።

በጎጃም ደጋ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ትገኛለች። ኩሬ እስከ ታች በረዶ ስለማይሆን ብርድ ግንዱን አይገድለውም፤ ችግሩ የሙቀት ማነስ ነው። ሎተስ ለማበብ ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚደርሱ ተከታታይ ሞቃት ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ክረምቱ ግን ደመናማና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በየካቲት ተተክሎ የመጋቢትንና የሚያዝያን ሙቀት ቢያገኝ ይመረጣል። ጥልቀት የሌለው ውሃና ጥቁር ዕቃ ቶሎ ይሞቃሉ። ለደጋው ብርድን የሚችል የኒምፊያ ዓይነት ይቀላል።

ጥንቃቄ፦ ከደቡብ አሜሪካ የመጣውና በብዙ አገሮች ለኩሬ ጌጥ የተሰራጨው እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ወርሯል። ማንኛውም የኩሬ ተክል ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መጣል የለበትም።