የእንግሊዝ ገጠር ቤት ያጣው በፈቃድ ነው

በአንድ የእንግሊዝ መንደር ዳርቻ ስምንት ወይም አሥር አነስተኛ የኪራይ ቤቶች ለመሥራት የሚቀርብ ማመልከቻ ዛሬ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። የአጥቢያው ምክር ቤት ይሰበሰባል፣ የመንገድ መሐንዲሱ አስተያየት ይሰጣል፣ ስለ ጎርፍና ስለ ሌሊት ወፍ መጠለያ ጥናት ይጠየቃል፣ ጎረቤቶች የተቃውሞ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ይህን ያየ ሰው እጥረቱ የወረቀት ብዛት ያመጣው ነው፣ ወይም የገበያው ጠባይ ነው ቢል አይፈረድበትም። ታሪኩ ሲመረመር ግን የሚገኘው ሌላ ነው። በእንግሊዝ ገጠር ድሃ የሚያድርበት ቤት እንዲኖር ወይም እንዳይኖር ሲወስን የኖረው እሺታና እምቢታ በእጁ የነበረው ወገን ነው። ያ ሥልጣን ከባለርስቱ ወደ ግብር ከፋዩ፣ ከግብር ከፋዩ ወደ ፕላን መሥሪያ ቤቱ ተዘዋውሯል። በየዘመኑ ምክንያቱ ተለዋውጧል፤ እምቢታው ግን አልተለወጠም። በመጨረሻ መፍትሔ ብጤ የተገኘውም ከእምቢታው ውስጥ መሆኑ የዚህ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከድሆች መጦሪያ ሕግ ነው። ከቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድሆች ከባለይዞታዎቹ በሚሰበስበው ግብር ይጦር ነበር። የ1662ቱ ሕግ ደግሞ ችግረኛው የየት አጥቢያ ሰው እንደሆነ ተጣርቶ በዚያው እንዲረዳ፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሸክም ይሆናል ተብሎ የተፈራውም ወደመጣበት እንዲመለስ ፈቀደ። ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የአጥቢያው መሬት በሙሉ የአንድ ጌታ ከሆነ፣ በመሬቱ ላይ የቆመ እያንዳንዱ የሠራተኛ ጎጆ ነገ የሚጦር ቤተሰብ ማለት ነው። ስለዚህ ጎጆው ሲያረጅ አለማደስ፣ ሲለቀቅ ማፍረስ፣ አዲስ እንዳይሠራ መከልከል ኪስን መጠበቂያ ዘዴ ሆነ። እንዲህ ያሉት አጥቢያዎች «ዝግ» ይባሉ ነበር። እርሻቸው ግን ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱ የሚመጣው መሬቱ በብዙ ትናንሽ ባለቤቶች ከተከፋፈለበት «ክፍት» አጥቢያ ነው። የእርሻ ሠራተኛው እዚያ በተጨናነቀ ጎጆ ውድ ኪራይ እየከፈለ ያድርና፣ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ሥራው ላይ ይደርሳል፤ ማታም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ዶክተር ሄንሪ ጁልያን ሀንተር በ1864 ለመንግሥት ባካሄደው ጥናት፣ በ821 አጥቢያዎችና መንደሮች ከ1851 እስከ 1861 ሕዝቡ ከ5 በመቶ በላይ ሲጨምር ቤቱ በ4 ተኩል በመቶ መቀነሱን አሳየ። ካርል ማርክስ «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ ይህን ጥናት በሰፊው ተጠቅሞበታል፤ የማርክስን ድምዳሜ የማይቀበል አንባቢም ቢሆን ቁጥሩን ማለፍ አይችልም። ፈላጊ እየበዛ ቤት የሚፈርሰው አፍራሽ ሲኖር ነው።

ሁሉም ባለርስት አፍራሽ እንዳልነበረ እውነት ነው። አንዳንዶቹ ለሠራተኞቻቸው ከዘመኑ ደረጃ የተሻለ ቤት ሠርተዋል፤ በዝግና በክፍት አጥቢያ መካከል ያለው ልዩነትም በየቦታው እኩል የጎላ አልነበረም። ይሁን እንጂ የሠራውም ያፈረሰውም የተጠቀመው በአንድ ሥልጣን ነው። በዶርሴት አውራጃ የሚገኘው ሚልተን አባስ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሎርድ ሚልተን የተባለው ጆሴፍ ዴመር፣ መኖሪያው ደጃፍ ላይ የነበረችው ጥንታዊት የገበያ ከተማ የቤቱን አካባቢ ስላበላሸችበት ቀስ በቀስ አፈረሳት። መሬቱን ስመ ጥሩው የመናፈሻ ነዳፊ ላንስሎት ብራውን አሳመረለት። ለነዋሪዎቹ ራቅ ብሎ ከዓይን በተሰወረ ሸለቆ ውስጥ አዲስ መንደር ተሠራላቸው፤ በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደሩ፣ ግድግዳቸው ነጭ፣ ክዳናቸው ሣር የሆነ መንትያ ቤቶች፣ በእያንዳንዱም መካከል አንድ የውጭ በር። ሁለት ቤተሰቦች በአንድ በር ይገቡ ነበር ማለት ነው። ያ ጎዳና ዛሬ ከእንግሊዝ ውብ መንደሮች አንዱ ተብሎ ይጎበኛል፣ በሕግም ይጠበቃል። «የጥንቱ መንደር አይነካ» ብለው አዲስ ቤት የሚቃወሙ ሰዎች ሊያጤኑት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ እንደ ጥንት የሚያከብሩት መንደር ራሱ በአንድ ዘመን በአንድ ሰው ትእዛዝ የተሠራ አዲስ ሠፈር ነበር።

የ1865ቱ ሕግ የድሆችን መጦሪያ ወጪ ከአንዱ አጥቢያ አንሥቶ በኅብረት ለተደራጁ አጥቢያዎች ሲያከፋፍል ጎጆ የማፍረሱ ጥቅም ቀረ። የማይሠራበት ምክንያት ግን አልቀረም፤ የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ የሚችለው ኪራይ የቤቱን ወጪ አይመልስም ነበርና። በ1890 የወጣው የሠራተኞች መኖሪያ ቤት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ራሳቸው እንዲሠሩ በር ከፈተ። የገጠሩን በር ግን በሦስት ቁልፍ ቆለፈው። የገጠር ባለሥልጣኑ ከአውራጃው ምክር ቤት የምስክር ወረቀት ማግኘት ነበረበት፤ ለዚህም በቦታው ምርመራ ተደርጎ ቤቱ አስፈላጊ መሆኑ፣ ሌላ ማንም ሊሠራው እንደማይችልና ለግብር ከፋዩ አጉል ሸክም እንደማይሆን መረጋገጥ ነበረበት። ግብር ከፋዮቹ ማን ናቸው ቢባል በብዛት ገበሬዎቹና ባለርስቶቹ፣ ማለትም የሠራተኛው አሠሪዎችና አከራዮች ናቸው። ሕጉን ተጠቅመው ለመሥራት የበቁት መንደሮች በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑ አያስደንቅም። በሳፎክ ኢክስዎርዝ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። በኬንት ደግሞ የፔንስኸርስት አጥቢያ ምክር ቤት አባል የነበረችው ጄን ኤስኮምብ ሴቶች ለፓርላማ መምረጥ በማይችሉበት ዘመን ጉዳዩን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየገፋች በ1900 ስድስት ቤቶች እንዲቆሙ አደረገች። የአጥቢያ ምክር ቤቶች የተቋቋሙት በ1894ቱ ሕግ ነው፤ ስድስት ቤት የዓመታት ትግል ጠየቀ። ቤቶቹ ዛሬም «የፈር ቀዳጆች ጎጆ» የሚል ስም አላቸው። እኔ ከብዙ አዋጅ ይልቅ እነዚያን ስድስት ቤቶች አከብራለሁ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአዲሰን ሕግ (1919) እያንዳንዱ ምክር ቤት የአካባቢውን የቤት ፍላጎት እንዲያጠናና እንዲገነባ ግዴታ ጣለ። የ1924ቱ የዊትሊ ሕግ ደግሞ ለገጠር አጥቢያዎች ልዩ ድጎማ ሰጠ፤ ለአንድ ቤት በዓመት 12 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ለ40 ዓመት፣ በከተማ ግን 9 ፓውንድ ብቻ። በዚህ ዘመን የተሠሩት ቤቶች ለመንደሩ ጣሪያ ብቻ አልሰጡም። ከዚያ በፊት ብዙ የእርሻ ሠራተኛ የሚኖረው ከሥራው ጋር በታሰረ ቤት ነበር፤ ከጌታው ጋር ከተጣላ ወይም ጉልበቱ ካለቀ እንጀራውንም ቤቱንም በአንድ ቀን ያጣል። የምክር ቤቱ ቤት ሠራተኛው ቤቱን ሳይፈራ አፉን እንዲከፍት አስቻለው። በሥራ የታሰረ ቤት ነዋሪዎች በሕግ በቂ ጥበቃ ያገኙት ገና በ1976 መሆኑ ሲታሰብ የዚህ ነፃነት ዋጋ ይገባል።

ቀጥሎ የመጣው እምቢታ ከበጎ ሐሳብ የተወለደ ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ቤቶች ያለ አንዳች ሥርዓት በየአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ሲዘረጉ፣ በሱሴክስ ባሕር ዳርቻ እንደ ፒስሄቨን ያሉ ሠፈሮች በገደሉ አናት ላይ ሲበተኑ፣ ገጠሩ ሊጠፋ ነው የሚል ሥጋት ተነሣ፤ ሥጋቱም መሠረት ነበረው። በ1942 የስኮት ኮሚቴ የእርሻ መሬት በቅድሚያ ሊጠበቅ ይገባል አለ። ከኮሚቴው አባላት ኢኮኖሚስቱ ዴኒሰን ብቻውን ተለይቶ፣ ገጠሩን ለእርሻ ማጠር የገጠሩን ሰው ድህነት አያቃልልም ብሎ ጻፈ፤ የሰማው አልነበረም። በ1947 የወጣው የፕላን ሕግ መሬቱን ለባለቤቱ ትቶ በላዩ የመገንባትን መብት ለመንግሥት አደረገ። በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. መሬቱ ራሱ የሕዝብ ሲሆን፣ እዚያ የተወሰደው ፈቃዱ ብቻ ነው። ይህ ሥልጣን ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል በዱራም አውራጃ ታየ። የ1951ዱ ፕላን፣ የድንጋይ ከሰሉ እያለቀ ነው በሚል፣ 114 መንደሮችን «ምድብ መ» ብሎ አዲስ ቤትም አዲስ ወጪም ከለከላቸው፤ ኋላ ቁጥሩ 121 ደረሰ። ብዙዎቹ መንደሮች ግን ነዋሪዎቻቸው አንለቅም ብለው ታግለው እስከ ዛሬ አሉ። ፖሊሲው በ1977 ተሻረ።

የፕላን ሥርዓቱ ደጋፊዎች ክርክር ሁለት ነው። አንዱ የመልክዓ ምድሩ ውበት ነው። ለዚህ መልሱ በኖርፎክ፣ በሎደን ወረዳ ቆሞ ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኸርበርት ቴይለርና ዴቪድ ግሪን የተባሉ አርክቴክቶች ለአንድ አነስተኛ የገጠር ምክር ቤት ወደ 700 ቤቶች ነደፉ። ከነፋሱ እንዲከልሉ እያያያዙ ሠሯቸው፣ ጣሪያቸውን በአካባቢው ሸክላ ከደኑ፣ በጎን ግድግዳቸው ላይ በጡብ የተሠሩበትን ዓመት ጻፉ። ዛሬ ከእነዚህ የድሃ ቤቶች አንዳንዶቹ እንደ ታሪካዊ ቅርስ ተመዝግበዋል። ሁለተኛው ክርክር ጠንካራ ነው፦ ሥራውም ሐኪም ቤቱም አውቶቡሱም ከተማ ከሆነ፣ መኪና የሌለውን ድሃ በመንደር ማስፈር ምን ይጠቅመዋል? ይህ የሚሠራው መንደሩ ካልተገነባበት ባለበት የሚቆይ ቢሆን ነበር። አይቆይም። አዲስ ቤት ሲከለከል ያለው ቤት ይወደዳል፤ የከተማ ጡረተኛና የሁለተኛ ቤት ፈላጊ ይገዛዋል፤ ወጣቶች ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ያጣል፣ አውቶቡሱም ተሳፋሪ። አገልግሎት የለም ተብሎ ቤት ይከለከላል፤ ቤት ስለተከለከለም አገልግሎቱ ይጠፋል። ላሞቹን የሚያልበውና አዛውንቱን የሚያጥበው ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል፤ እርሱም እንደ ሀንተር ዘመን ሠራተኛ ከሩቅ ይመላለሳል፣ ልዩነቱ በአሮጌ መኪና መሆኑ ነው።

የ1980ው ሕግ የምክር ቤት ቤት ተከራዮች ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ ሲፈቅድ የመንደሩ ክምችት ይበልጥ ሳሳ። ለገዛው ቤተሰብ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። በብሔራዊ ፓርኮችና በመሳሰሉት የገጠር አካባቢዎች ዳግም ሽያጩን ለአካባቢው ሰው መገደብ ቢፈቀድም፣ የተሸጠው ቤት በአብዛኛው ሳይተካ ቀረ። መውጫው የመጣው በ1989 ታውጆ በ1991 በመንግሥት መመሪያ በጸናው «የገጠር ልዩ ቦታ» ፖሊሲ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመንደሩ ዳር ያለ ማሳ በፕላኑ ቤት አይሠራበትም፤ ስለዚህ ዋጋው የእርሻ መሬት ዋጋ ነው። ፈቃድ ቢያገኝ ዋጋው መቶ እጥፍ ሊያሻቅብ ይችላል። ፖሊሲው ለነጋዴ የሚከለከለውን ያን ማሳ፣ ለአካባቢው ሰው በሚችለው ዋጋ ለዘለቄታው ለሚቀርብ ቤት ብቻ ይፈቅዳል። ባለመሬቱ ምርጫው ከእርሻ ዋጋ ጥቂት ከፍ ያለ ገንዘብ መቀበል ወይም ማረስ ነው። እምቢታው ራሱ መሬቱን አርክሶ ለድሃው አቀረበው። ቤቱም ተመልሶ ወደ ገበያ እንዳይፈስ፣ ከ1997 ጀምሮ ከ3,000 በታች ነዋሪ ያላቸው የተመረጡ መንደሮች የቤት ማኅበር (ለትርፍ የማይሠራ አከራይ ድርጅት) ተከራዮች ቤቱን የመግዛት መብት እንዳይኖራቸው ተደረገ።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ባለመሬቱ ይበደላል የሚል ነው። አይበደልም። የማሳውን ዋጋ መቶ እጥፍ የሚያደርገው የእርሱ ላብ ሳይሆን የሕዝብ ፈቃድ ነው፤ የ1947ቱ ሕግም ይህን ጭማሪ ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ አድርጎት ነበር፣ በ1953 እስኪሻር ድረስ። እውነተኛው ድክመት ሌላ ነው፦ ባለመሬቱ ነገ ፖሊሲው ይላላል ብሎ ተስፋ ካደረገ አይሸጥም፣ ይጠብቃል። ከ2012 ወዲህ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ወጪ ለመሸፈን ጥቂት የገበያ ቤቶች እንዲገቡ መፈቀዱ ይህን ተስፋ የሚያሳድግ ነው፤ በእኔ አስተያየት ስህተት ነው። በ2023 የወጣው ሕግ በአስገዳጅ ግዢ ጊዜ ለወደፊት ተስፋ የሚከፈለውን ዋጋ ማስቀረት መፍቀዱ ደግሞ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለመንደር ቤቶች ሊጠቀሙበት ይገባል። ማመልከቻው ፊታቸው የሚቀርብላቸው የምክር ቤት አባላትም ፈቃዱን ሲነፍጉ ምንም ያልወሰኑ አይምሰላቸው፤ ማን በመንደሩ እንደሚኖር ወስነዋል።