ክኒኗ ከመዋጧ በፊት ያለችው ደቂቃ

ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ደቂቃ ነው። የልብ ሕመምተኛ ዘመድ ሆስፒታል ተኝቶባችሁ አስታምማችሁ ከሆነ ሳታዩዋት አትቀሩም። ነርሷ ዲጎክሲን የምትባለዋን ሚጢጢ ክኒን ይዛ ትመጣለች፤ ግን ወዲያው አትሰጥም። ማዳመጫዋን በሽተኛው ደረት ላይ በግራ በኩል ታስቀምጥና ሰዓቷን እያየች ዝም ትላለች። አስታማሚው «ሲስተር፣ ምን ተፈጠረ?» ቢል መልስ የለም። ቆጠራ ላይ ናታ! የአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በታች ከመታ ክኒኗ ትቀራለች፣ ሐኪም ይጠራል። (ለሕፃናት ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል።)

ይቺ ደቂቃ ከየት መጣች ብለን ብንከታተላት 18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ገጠር ድረስ ይዛን ሄደች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል ሐኪም አንድ የባህል መድኃኒት ቀረበለትና አስተያየቱን ተጠየቀ። መድኃኒቱ ሰውነት ውሃ ሲቋጥርና ሲያብጥ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሽሮፕሺር ውስጥ አንዲት አሮጊት ለረጅም ጊዜ በምስጢር ይዘውት የኖሩት ነው። ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡባቸውን አንዳንድ ሕመምተኞች አድነዋል ይባል ነበር። ሃያ ምናምን ዕፅ የተቀላቀለበት ቢሆንም ዊዘሪንግ ሥራውን የሚሠራው ፎክስግላቭ የተባለው ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተክል መሆኑን ለየ። በነገራችን ላይ የአሮጊቷን ስም «እናት ሀተን» ብለው የሚጽፉ አሉ። ይህ ስም ግን በ1928 አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ለማስታወቂያው ሲል የፈጠረው ነው። የትክክለኛ ስማቸውን ዊዘሪንግ አልጻፈልንም። (ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ስናይ ትንሽ ያመናል።)

ዊዘሪንግን ትልቅ ያሰኘው ቅጠሉን መለየቱ ብቻ አይመስለንም። አሥር ዓመት ሙሉ በሽተኞቹን ተከታትሎ በ1785 መጽሐፍ ሲያሳትም፣ 163 ሰዎችን አንድ በአንድ ጽፏቸዋል፤ የዳኑትንም፣ ያልዳኑትንም፣ መጠኑ በዝቶባቸው የተሰቃዩትንም። መጠን የበዛበት ሰው ምን እንደሚሆን ያሰፈረው ዛሬም ያስደነግጣል፦ ማስመለስ፣ መፍዘዝ፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ መታየት፣ የልብ ምት በደቂቃ እስከ 35 መውረድ፣ ከዚያም ሞት። ስለዚህ መድኃኒቱ በኩላሊት፣ በጨጓራ፣ በልብ ምት ወይም በአንጀት ላይ ምልክት ማሳየት እንደጀመረ እንዲቆም አዘዘ። ልብ በሉ፣ ይህ ትእዛዝ የሚሠራው አልጋው አጠገብ የሚያይ ሰው ካለ ብቻ ነው!

መቁጠሪያው በዚያን ጊዜ ነበረ። የአጎራባቹ አውራጃ ሐኪም ጆን ፍሎየር በ1707 የልብ ምት የሚቆጠርበት፣ ልክ ለአንድ ደቂቃ የሚሄድ ሰዓት አስተዋውቋል። የጎደለው የሚቆጥረው ሰው ነው። ሐኪም ጎብኝቶ ይሄዳል፤ ሌሊቱን ከበሽተኛው ጋር የሚያድረው ሌላ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ነርስነት ስትጽፍ ምን ማየት እንዳለባቸው ማስተማርን ከሁሉ ያስቀደመችው በከንቱ አልነበረም።

ነገሩ ለእኛም ባዳ አይደለም። ኮሶን አስቡት። በባዶ ሆድ ተጠጥቶ የሆድ ትሉን ጠራርጎ ያወጣል። (አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር ይነገር የለ?) ከመጠን ሲያልፍ ግን ዓይን እስከማጥፋትና እስከመግደል እንደሚደርስ ሐኪሞች መዝግበዋል። የጠጣው ሰው እስኪሽር ቤት ውሎ ሰው ሲጠብቀው እኮ የቤተሰብ ነርስ ቆሞለት ነበር ማለት ነው። ችግሩ በእፍኝ የተሰፈረ መድኃኒት መጠኑ ዛሬና ነገ እኩል አለመሆኑ ነበር።

ወደ ፎክስግላቩ እንመለስ። በ1930 ሲድኒ ስሚዝ የሚባል የእንግሊዝ ኬሚስት ከዚያው ተክል ዘመድ ዲጎክሲንን ለይቶ አወጣ። መጠኑ በክኒን ተለካ፣ ግልግል! አደጋው ግን አልሄደም። በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አንድ ቀን ተኩል ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ኩላሊት ከደከመማ ይጠራቀማል። አብሮት የሚታዘዘው ውሃ የሚያሸናው ላሲክስ ደግሞ ፖታሲየም ያሟጥጥና ልብን ለመርዙ ያጋልጣል። ነጥብም ሰው ትገድላለች፦ 0.25 የነበረው ያለ ዜሮ .25 ተብሎ ሲጻፍ ነጥቧ ካልታየች መቶ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ነው ከነጥብ በፊት ዜሮ ጻፉ የሚባለው።

ደም ውስጥ ያለውን የዲጎክሲን መጠን በቀላሉ የሚለካ ምርመራ የተገኘው በ1969 ነው። ከዊዘሪንግ መጽሐፍ እስከዚያ 184 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መሣሪያው ጣት፣ ጆሮና ዓይን ነበር። ምርመራው በሌለበት ሆስፒታል ዛሬም እንደዚያው ነው። እዚህ አገር ደግሞ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብ የሚጎዳው የቁርጥማት በሽታ ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃ በመሆኑ ክኒኗን የሚውጡ የእኛ እኩዮች አሉ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይበቃም፤ የታመመ ልብ ምቱን ይዘላልና ሙሉ ደቂቃ ይፈልጋል። ከእጅ ላይ መቁጠርም እንዲሁ፤ ደካማው ምት አንጓ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ግን እንነጋገር ከተባለ፣ አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ ብቻዋን ስትሆን መጀመሪያ የምትሰዋው ይቺው ደቂቃ ናት። ካርዱ ላይ «ተሰጥቷል» የሚል ምልክት ይቀመጣል፤ ቆጠራው ግን አይታይም። ስለዚህ አስታማሚ የሆናችሁ፣ በሽተኛው ምግብ ሲያስጠላው፣ ሲያስመልሰው፣ «ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆነብኝ» ሲል «የሆስፒታል ምግብ ስላልተስማማው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቀጣዩ ክኒን ሳይሰጥ ንገሯቸው።

በ1997 የታተመ 6,800 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ዲጎክሲን የልብ ድካም ሕመምተኞችን ሆስፒታል ከመመላለስ ቢያሳርፍም ዕድሜ እንደማይጨምር ካሳየ ወዲህ መድኃኒቱ እንደ ድሮው አይታዘዝም። ቆጠራው ግን ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። በእርግዝና የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ የሚጥል በሽታ ለሚያሰጋት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት ይሰጣታል። በ2002 ከ10,000 በላይ ሴቶች ላይ የታተመው ጥናት መድኃኒቱ የመንቀጥቀጡን አደጋ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሲበዛ ግን ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ አዋላጇ ቀጣዩን መርፌ ከመውጋቷ በፊት የትንፋሽ ብዛት ትቆጥራለች፤ በደቂቃ ከ16 ማነስ የለበትም። ሽንቱን ትለካለች። ከዚያ በትንሽ መዶሻ፣ ከሌለም በእጇ ጠርዝ፣ የእናቲቱን ጉልበት ከሎሚው በታች መታ ታደርጋለች። እግሯ ካልተወረወረ መርፌው አይሰጥም፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቧ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል።