ከሦስት ስታዲየም መሀል፦ ወረታ፣ ፎገራና የአማራ ክልል ክለቦች የዋንጫ ታሪክ

ወረታ የፕሪምየር ሊግ ክለብ የላትም። ያላት መንገድ ነው። ከባህር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ያገኛታል፤ ከእሷ ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ ወደ ምሥራቅ ይገነጠልና በደብረ ታቦር፣ በጋይንት አድርጎ ወልድያ ይገባል። ይሄኛውን በደርግ ዘመን ቻይናዎች ስለሠሩት እስከዛሬ “የቻይና መንገድ” የሚሉት አሉ። እንግዲህ ካርታውን እንደ ኳስ ወዳጅ ተመልከቱት፦ በአንዱ ጫፍ ባህር ዳር፣ በአንዱ ጎንደር፣ በሌላው ወልድያ። የአማራ ክልል ስሙን በአገር አቀፍ ሻምፒዮና ያስጠሩት ከተሞች ሦስቱም ከወረታ መናኸሪያ በቀጥታ መኪና የሚሳፈሩባቸው ናቸው። ስለዚህ የክልሉን ክለቦች ታሪክ ከወረታ ሆነን ብንጽፈው ማንም “ምን አገባችሁ” ሊለን አይገባም።

ታሪኩ ግን አጭር ነው። ለምን አጭር እንደሆነ መጠየቁ ከዋንጫው ቆጠራ ይልቅ ያስተምራል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።)

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ አምስቱም አዲስ አበባ የሚገኙ ማህበረሰቦችን የሚወክሉ። ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያኑ፣ ፎርቲቱዶ የጣልያኖቹ፣ አራራት የአርመኖቹ፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮቹ፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን። ዋንጫውን የወሰደው ማን ይመስላችኋል? እንግሊዞቹ። “አገር አቀፍ” የተባለው ውድድር ከአንድ ከተማ ሳይወጣ በእንግዳ አሸናፊነት ጀመረ ማለት ነው።

ቀጥሎ በር የተከፈተላቸው አሥመራና ድሬዳዋ ናቸው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሐማሴን ቡድን ዋንጫ አነሳ። በ1950ዎቹ የድሬዳዋው ጥጥ ማህበር ደጋግሞ ነገሠ፤ 1975 ላይም አንድ ጊዜ ተመልሶ ወስዷል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ብሔራዊ ቡድናችን አጥንቱ የአዲስ አበባ፣ የአሥመራና የድሬዳዋ ልጆች ናቸው። ይሄ በአጋጣሚ አይደለም። ኳስ የሄደችው ባቡር በሄደበት፣ ፋብሪካ በቆመበት፣ የጦር ካምፕ በሰፈረበት ነው። ፋብሪካ ማለት ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች ማለት ነው፤ ባቡር ማለት ቅዳሜ ሄዶ ሰኞ ሥራ የሚገባ ቡድን ማለት ነው። የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ለሚመጣው የጎንደርና የጎጃም ልጅ ሁለቱም አልነበሩትም።

ፎገራስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። “የፎገራ ሜዳ” እየተባለ በጂኦግራፊ ትምህርት የተማርነው ቦታ ለኳስ ሜዳ ግን ችግረኛ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ውሃው ሲሸሽ ሩዝ አለ። ሩዙ ሲታጨድ በቀረችው እርጥበት ላይ ጓያ ይዘራል። ሩዝ እዚህ አገር የገባው በደርግ ጊዜ ነው፤ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ተሞክሮ፣ ውሃ የተኛበትን መሬት የሚያበላ መሬት አደረገው። ለገበሬው ሲሳይ ነው፣ አንከራከርም። ግን ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሜዳ መቸገር እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው የፎገራ ልጅ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው እንመለስ። ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ዋንጫው ለጥቂት ዓመታት ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አላለም፤ መብራት ኃይልና ጊዮርጊስ ተቀባበሉት። ይህን የሰበረው በ1996 ሐዋሳ ከነማ ነው፣ በ1999 ደግሞ ደገመው። ሐዋሳ ባቡር የላትም። ያላት “ከነማ” ነው። ይህቺን ቃል ዛሬ ሁላችንም እንደ ስም እንጠራታለን እንጂ ምህጻረ ቃል ናት፦ የከተማ ነዋሪዎች ማህበር። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተቋቋሙት ማህበራት ናቸው፤ ቀበሌና ከፍተኛ ያልናቸው። ማህበራቱ አለፉ፣ ስሙ በመድኃኒት ቤቶችና በኳስ ክለቦች ላይ ቀረ። ትርጉሙም ተለወጠ፦ በከተማው አስተዳደር በጀት የሚኖር ክለብ። ፋብሪካ የሌለው ከተማ ሻምፒዮን ሊሆን የሚችልበት ብቸኛ መንገድ ይሄ ሆነ። በግብር ከፋዩ ኪስ ኳስ መጫወት ልክ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ እኛም በመካከላችን አልተስማማንበትም። ያለዚያ ግን የአማራ ክልል ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

ጎንደርን ውሰዱ። ፋሲል ከነማ ዕድሜውን ከ1960 ዓ.ም. ይቆጥራል፤ ፕሪምየር ሊግን ያየው ግን በ2009 ነው። ከእሱ በፊት ከተማዋን በሊጉ ይወክል የነበረው የፋብሪካ ልጅ ነው፣ ዳሸን ቢራ። በ2008 መጨረሻ ዳሸን ከሊጉ ወረደ፣ በዚያው ክረምት ፋሲል አደገ። ቢራው ሲወርድ ንጉሡ ወጣ ብለን እንቀልድ ነበር። ቀልዱ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ፤ ዳሸን ገንዘብ ነበረው፣ እንደ ፋሲል የሚዘምርለት ሕዝብ ግን አልነበረውም። “አጼዎቹ” የሚለው ቅጽል የሕዝብ ቅጽል ነው።

በቻይናው መንገድ ማዶም ወልድያ ከፋሲል ጋር በዚያው ዓመት አደገች፤ ለሁለተኛ ጊዜዋ ነበር። በ2009 ጥር በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየሟ ተመረቀ። ለወልድያ የሚያህል ከተማ ይሄን የመሰለ ስታዲየም ማየት ብርቅ ነበር፤ ከ25 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ደስታው ግን አልቆየም። በኅዳር 2010 የወልድያና የመቀሌ ጨዋታ ሊደረግ በነበረበት ቀን ግጭት ተነስቶ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ፣ ከተማዋም ታመሰች። ወልድያ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወረደች። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጉት ጨዋታ ሁሉ የፌዴሬሽኑ ራስ ምታት ሆነ። ኳሱ ፖለቲካውን አመጣው ወይስ ፖለቲካው ኳሱን በላው ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ሁለተኛው ነው እንላለን። ደጋፊው ግን ንጹሕ ነበር ብለን አንዋሽም። ስታዲየም ውስጥ የተሰደበው ስድብ ስታዲየም ውስጥ አልቀረም።

ባህር ዳር ከነማ፣ “የጣና ሞገዶቹ”፣ በ2011 ሊጉን ሲቀላቀል ወረታ በታሪኳ ያላየችው ነገር ሆነ። ፋሲልና ባህር ዳር በአንድ ሊግ! ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። በዚያ መንገድ የሚኖር ሰው ልጁን ጎንደር ያስተምራል፣ ዕቃውን ባህር ዳር ይሸምታል፤ ታዲያ ለማን ይደግፍ? አንድ ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድም ለፋሲል፣ ታናሽ ለሞገዶቹ የሆኑበትን እናውቃለን።

የ2011 ዋንጫ ለፋሲል ቀርቦ ነበር። እስከ መጨረሻው ዕለት አሳደደው፤ ሽረ ላይ አቻ ወጣና ዋንጫውን መቀሌ 70 እንደርታ ወሰደው። ማጽናኛው የኢትዮጵያ ዋንጫ ሆነ፤ እሱን አንስቶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም ገጠመ። የሜዳው ጨዋታ የተካሄደው ግን ጎንደር አይደለም፣ ባህር ዳር ነው። የጎንደር ደጋፊ የራሱን ክለብ “በሜዳው” ለማየት 180 ኪሎ ሜትር መጥቶ፣ በወረታ በኩል አልፎ፣ የሩዙን አረንጓዴ እያየ ሄደ። ነሐሴ ነበርና ፎገራ ውሃ ጠጥቷል። ፋሲል 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በመልሱ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወደቀ።

ዋንጫው የመጣው በ2013 ነው። ለክልሉ የመጀመሪያው። አሰልጣኙ ስዩም ከበደ፣ አምበሉ ያሬድ ባየህ፣ በረኛው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ፤ ሱራፌል ዳኛቸው መሀል ላይ፣ ሽመክት ጉግሳ ክንፍ ላይ፣ ሙጂብ ቃሲም ፊት። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሙጂብ ከእሱ ቀጥሎ ነበር። አንድ ሰው የጎሉን ወሬ ሁሉ ወሰደ፣ ዋንጫውን ግን ቡድን ወሰደው።

አሁን ደግሞ የሚያመውን እንናገር። በኮሮና ምክንያት የዚያ ዓመት ውድድር በዙር በተመረጡ ከተሞች ተካሄደ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጎንደር የለችበትም። ሻምፒዮኑ ክለብ ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ በከተማው አላደረገም። ሊጉ ውስጥ የነበሩት ክለቦችም 13 ብቻ ናቸው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ተጀምሮ መቀሌ፣ ሽረና ወልዋሎ አልመጡም። ያለፈው ሻምፒዮን የሌለበት ዋንጫ ነው። ይሄን ማለት የፋሲልን ድካም ማራከስ አይደለም፣ የነበረውን መናገር ነው። ወደ ሽረ ሄዶ አቻ የወጣ ቡድን በሁለት ዓመቱ ሽረን በካርታ እንኳ የማያገኝበት ጊዜ መጣ።

ወረታ ያንን ዋንጫ ያየችው በዲኤስቲቪ ቤት ነው። ሊጉ ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለሱፐርስፖርት የተሸጠው ያኔ ነው። ሁሌ አርሴናልና ማንቼ የሚታይበት ጠባብ ክፍል፣ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው የመግቢያ ብር፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሽመክት። ለብዙ የትንሽ ከተማ ልጅ የአገር ውስጥ ኳስ ከእንግሊዙ እኩል ጥራት ባለው ምስል ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ስታዲየሙ ባዶ፣ ክፍሉ ሙሉ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ያ የቻይና መንገድ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልድያን አልፎ በጋይንት በኩል ወደ ደብረ ታቦር ገሰገሰ፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ደብረ ታቦር ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በመኪናና በእግር ወደ ታች የወረደው ሰው ደጋፊ አልነበረም፣ ተፈናቃይ ነበር። በ2014 መባቻ ፋሲል በቻምፒየንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላልን ባህር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያይቶ ከሜዳ ውጪ በገባ ጎል ሲወድቅ፣ ያ ሁሉ ገና አላለፈም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቶሎ ይነገራል። 2014 ላይ ፋሲል ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የባህር ዳር ስታዲየም ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ በካፍ ታገደ፤ በኅዳር 2012 ኮትዲቯር 2 ለ 1 የተሸነፈችበት ሜዳ ነው። 2015 ላይ ባህር ዳር ከነማ በአሰልጣኝ ደግአረገ ይግዛው ሁለተኛ ወጣ፣ ቀጥሎም ፋሲልን የጣለውን አዛምን በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አስወጣልን። (ወረታ ውስጥ የፋሲል ደጋፊ የሆኑት እንኳ ያን ቀን ጮኸዋል፤ ቂም ቂም ነው።) በመጨረሻም ክለብ አፍሪካን አስቆመው።

በሐምሌ 2015 ክልሉ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የ2016 ሊግ በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ፤ ፋሲልና ባህር ዳርም ደርቢያቸውን ከክልላቸው ውጪ ተጫወቱ። ከወረታ እስከ ባህር ዳር ስታዲየም 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ አዳማ ከ600 በላይ።