ሜታሊካ ሲመለስ ጸጥታው የት ቀረ?

ኮድ ቢሆን ቀላል ነበር። አዲሱ ቨርዥን ከተበላሸ በአንድ ትእዛዝ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ባንድ ግን እንዲህ አይመለስም። የሄቪ ሜታል አድናቂዎች ስለ አንድ አዲስ አልበም «ወደ ድሮ አቋማቸው ተመለሱ» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ምኑ ነው የተመለሰው? ለዚህ ጥያቄ ከሜታሊካው «ዴዝ ማግኔቲክ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አልበሙ የወጣው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2008 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰዎቹ በእርግጥ ተመልሰዋል። አንድ ነገር ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

መጀመሪያ የሚመለሱበትን ቦታ እንወቀው። በ1985 መጨረሻ አራት ወጣቶች ኮፐንሃገን ውስጥ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን ይቀዱ ነበር። ዘፋኙና ጊታሪስቱ ጀምስ ሄትፊልድ፣ ሶሎ ጊታሪስቱ ከርክ ሃሜት፣ ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ፣ ባሲስቱ ክሊፍ በርተን። አንዳቸውም 25 ዓመት አልሞላቸውም። የስቱዲዮው ስም ስዊት ሳይለንስ ነው፤ ጣፋጭ ጸጥታ ማለት። ለዚያ ሁሉ ጩኸት የማይሆን ስም ይመስላል፤ ግን ይሆናል። የእነዚያ ዘፈኖች ጉልበት ያለው ከለስላሳው ክፍል ወደ ከባዱ ሲሻገሩ ነው። ቀስ ብሎ የጀመረ ጊታር ድንገት ግድግዳ ሆኖ ይወድቅብሃል።

አልበሙ በማርች 1986 ወጣ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 27 ስዊድን ውስጥ የባንዱ አውቶቡስ ተገለበጠና ክሊፍ በርተን ሞተ። በ24 ዓመቱ።

ከዚህ በኋላ የሜታሊካን አልበሞች እንደ ሎግ ፋይል ማንበብ ይቻላል። አንድ ሲስተም ውስጥ ምን እንደተበላሸ ማንም ባይነግርህ እንኳ ሎጉ ይናገራል። የ1988ቱን «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ክፈቱና ባሱን ፈልጉ። የለም ማለት ይቻላል። በበርተን ቦታ የገባው ጄሰን ኒውስተድ ተጫውቷል፣ ተቀድቷልም፤ ግን ሚክስ ሲደረግ ድምፁ እስኪጠፋ ተቀነሰ። ሚክስ ካደረጉት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ስቲቭ ቶምሰን «ባሱን ቀንሱ ያለን ላርስ ነው» ሲል ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። ያዘኑ ሰዎች አዲሱን ልጅ በሟቹ ወንበር አስቀመጡት፣ ድምፅ ግን አልሰጡትም። እኔ እንዲህ ነው የማነበው።

በ1991 በባንዱ ስም የተሰየመው ጥቁር ሽፋን ያለው አልበም መጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ። ዘፈኖቹ አጠሩ፣ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ስታዲየሙ ሞላ። በ1996 «ሎድ» ሲወጣ ፀጉራቸውን ሳይቀር ተቆርጠው ነበር፤ ለሜታል አድናቂ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ነገሩ ተፈታ። ኒውስተድ በ2001 መጀመሪያ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ሄትፊልድ ከመጠጥ ለመላቀቅ ሕክምና ገባ፤ ወራት ቆይቶ ሲመለስም በቀን ለአራት ሰዓት ብቻ ነበር የሚሠራው። ባንዱ የግንኙነት አማካሪ ቀጠረ፤ በወር 40,000 ዶላር። ይህን ሁሉ ካሜራ ቀርጾት በ2004 ዶክመንተሪ ፊልም ሆነ።

የዚያ ዘመን ሎግ የ2003ቱ «ሴንት አንገር» ነው። ስኔር የሚባለው ከበሮ ከሥሩ የተወጠሩ ሽቦዎች አሉት፤ ጥርት ያለውን የ«ጨስ» ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ላርስ እነሱን ፈትቶ መታ። ውጤቱ፣ ባዶ በርሜል የሚደበድብ ሰው። የጊታር ሶሎ በአልበሙ ውስጥ አንድም የለም። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔ ግን ሐቀኛ አልበም ነው እላለሁ፤ እየፈረሰ ያለ ቤት እንደሚፈርስ ቤት ነው የሚጮኸው።

እንግዲህ የ2008ቱን መመለስ ለመረዳት ይሄን ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን ለባንዱ የሰጠው የቤት ሥራ ይህን ይመስላል፦ ሜታሊካ እንዳልሆናችሁ አስቡ፤ አንድም የታወቀ ዘፈን የላችሁም፤ የባንዶች ውድድር ላይ ልትቀርቡ ነው፤ ምን ትጫወታላችሁ? ልብ በሉ፣ «የ1986ቱን ዘፈን ድገሙት» አላላቸውም። ወደ ዘፈኑ ሳይሆን ዘፈኑ ወደወጣበት ረሃብ ነው የመለሳቸው።

ሰራ። ሄትፊልድ 45 ዓመቱ ነበር፤ ሮበርት ትሩሂዮ ደግሞ ባስ ይዞ የቀረጸው የመጀመሪያው የሜታሊካ አልበም ነው። አሥር ዘፈን፣ 75 ደቂቃ ያህል። ሶሎው ተመለሰ። ረጃጅሙ፣ መንገድ የሚቀያይረው ዘፈን ተመለሰ። ከ1988 ወዲህ ያልነበረው ያለ ድምፃዊ የሚሄድ ቅንብር ተመለሰ። አራተኛው ዘፈን ሳይቀር ቦታው ላይ ነው፦ በ1984ም፣ በ1986ም፣ በ1988ም አልበሞቻቸው አራተኛ ላይ የሚመጣው ለስላሳ ጀምሮ በቁጣ የሚያልቅ ዘፈን ነበር። «ዘ ዴይ ዛት ኔቨር ካምስ» ያንኑ ወንበር ያዘ።

ታዲያ ምን ቀረ?

ሲዲ ላይ ሙዚቃ ማለት ቁጥር ነው፤ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚመዘገብ ቁጥር። ቁጥሩ ጣሪያ አለው፦ 32,767። ከዚያ በላይ መጮህ አይቻልም። ስለዚህ አልበምህ ከሌላው ሰው አልበም በላይ እንዲጮህ ከፈለግክ ያለህ ዘዴ አንድ ነው፤ ዝቅ ያለውን ሁሉ ወደ ጣሪያው መግፋት። ጣሪያውን አልፎ የሚወጣው ጫፍ ይቆረጣል፤ ከመጠን ካለፈ ደግሞ የሚሰማ ስንጥቅ ያመጣል። የ«ዴዝ ማግኔቲክ»ን ፋይል በኦዳሲቲ ብትከፍቱ የምታዩት ተራራና ሸለቆ አይደለም፤ ጡብ ነው። ማስተሪንጉን የሠራው ቴድ ጄንሰን እንኳ ቅጂው እጁ ሲገባ ቀድሞ የተጨፈለቀ እንደነበር የጻፈው መልእክት ወጥቶ ተነቧል።

ይህ እንዴት ታወቀ? በጌም። አልበሙ በወጣበት ቀን ዘፈኖቹ ለጊታር ሂሮ 3ም ቀርበው ነበር። ተጫዋቹ ሲስት የጊታሩ ድምፅ ብቻ መጥፋት ስላለበት፣ ጌሙ መሣሪያዎቹን ለየብቻ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ለጌሙ የተሰጠው ቅጂ ያ የመጨረሻ መጨፍለቅ ያልደረሰበት ነበር። አድናቂዎች ከጌሙ ቀድተው ከሲዲው ጎን ለጎን አስቀመጡት። ከበሮው ይተነፍሳል፣ ጊታሩ ቦታ አለው። አልበሙ እንደገና ሚክስ ይደረግልን የሚለውን አቤቱታ ከ10,000 ሰው በላይ ፈረመበት። ላርስ በበኩሉ ድምፁን እንደወደደው ተናገረ።

እዚህ ጋ ነው ሎጉ የሚናገረው። የጣቶቹ ችሎታ ተመልሷል፣ ረሃቡም ተመልሷል። ያልተመለሰው መተማመኑ ነው። በ1986 ዝቅ ብለው ሲጀምሩ አድማጩ ጠብቆ እንደሚሰማቸው ያምኑ ነበር። በ2008፣ ያን ሁሉ ካሳለፉ በኋላ፣ አንድም ሰከንድ ዝቅ ማለትን የፈሩ ይመስላል። ከረጅም መጥፋት በኋላ ወደ ሰፈሩ እንደመጣና ሁሉም እንዳይረሳው ጮክ ብሎ እንደሚያወራ ሰው።

ስለዚህ አልበሙን ያላዳመጣችሁት፣ አራተኛውን ዘፈን ሁለቴ ስሙት፤ አንዴ ከሲዲው፣ አንዴ ከጌሙ ቅጂ። ማስታወሻዎቹ ያው ናቸው፤ የሚጫወቱትም እነዚያው አራት ሰዎች። በሁለተኛው ላይ ግን ከባዱ ክፍል ሲመጣ ወንበራችሁ ላይ ቀና ትላላችሁ፤ ምክንያቱም ከሱ በፊት ዝቅ ያለ ነገር ነበር። ከኮፐንሃገን የጠፋችው ያቺ ጸጥታ ናት፤ ያገኟትም ጌም ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ናቸው።