የዘር ምሥጢር በብዙ እጆች እንደ ተገለጠ

ልጅ አባቱን፣ ጥጃ እናቱን መምሰሉ፣ ጤፍም ከተዘራበት ጤፍ መብቀሉ ከጥንት ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው። ነገር ግን መልክና ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በምን ላይ ተጽፎ ነው? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከ80 ዓመት በላይ ፈጅቷል። መልሱንም ያገኘው አንድ ሊቅ ወይም አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን አይደለም። ሐኪሞች ጀመሩት፤ የፊዚክስ ሊቃውንት ጠየቁበት፤ የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ከእነርሱ ጋር ሆነው ፈጸሙት። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች አንዳችን ወደ ሕክምና፣ አንዳችን ወደ ሒሳብና ፊዚክስ፣ አንዳችንም ወደ እርሻ ትምህርት ልንለያይ በተቃረብንበት ጊዜ ይህን ታሪክ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት የመረጥነው ስለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

ነገሩ የተጀመረው ከሆስፒታል በተጣለ ፋሻ ነው። ፍሪድሪክ ሚሸር የተባሉት ወጣት የስዊስ ሐኪም ጆሮአቸው ስለሚከብዳቸው በሽተኛ ከማከም ይልቅ ምርምርን መረጡ። በ1869 በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ፣ ቀድሞ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ቁስለኞች የተጠቀለሉበትን ፋሻ እያስመጡ መግሉን ያጥቡ ነበር። ከመግሉ ሕዋሳት አስኳል ውስጥም ፎስፎረስ የበዛበት፣ ከፕሮቲን የተለየ አንድ ነገር አገኙ፤ ስሙንም ኑክሊን አሉት። ይህ ዛሬ ዲ.ኤን.ኤ. የምንለው ነው። ሆኖም ምን ሥራ እንደሚሠራ በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሳንባ ምች ዞረ። በ1928 እንግሊዛዊው ሐኪም ፍሬድሪክ ግሪፊዝ ይህን በሽታ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ሲመረምሩ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ አንደኛው ገዳይ፣ ሁለተኛው ጉዳት የሌለው። ገዳዮቹን በሙቀት ገድለው ጉዳት ከሌላቸው ሕያዋን ጋር ቀላቅለው አይጦችን ቢወጉ፣ አይጦቹ ሞቱ። በሬሳቸውም ውስጥ ሕያዋን ገዳይ ባክቴሪያዎች ተገኙ። እንግዲህ ከሞቱት ወደ ሕያዋኑ አንድ ነገር ተላልፎ ጠባያቸውን ለውጧል ማለት ነው፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ጠባይ ወርሰዋል። የተላለፈው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ገና አልታወቀም።

በዚያው ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንት ወደ ሕይወት ጥናት ፊታቸውን አዞሩ። በ1932 ታላቁ የአቶም ሊቅ ኒልስ ቦር በኮፐንሃገን ስለ ብርሃንና ስለ ሕይወት ንግግር ሲያደርጉ፣ ማክስ ዴልብሩክ የተባሉ ወጣት ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ሰሟቸው። ዴልብሩክ በወረቀትና በሒሳብ ብቻ የሚመራመሩ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን የዘርን ነገር ለመመርመር ቆረጡ። በኋላም አሜሪካ ገብተው ከሐኪሙ ከሳልቫዶር ሉሪያ ጋር ተገናኙ። ሉሪያ አይሁዳዊ በመሆናቸው፣ በዚያን ጊዜ አገራችንን በግፍ ይዞ የነበረው የፋሽስት መንግሥት በ1938 ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት ከኢጣልያ የተሰደዱ ናቸው። ሐኪሙና የፊዚክስ ሊቁ በ1943 ባወጡት ጥናት፣ ባክቴሪያ ቫይረስን የሚቋቋምበት ለውጥ ቫይረሱ ስለ ነካው የሚመጣ ሳይሆን፣ ቀደም ብሎ በአጋጣሚ የሚወለድ መሆኑን በሒሳብ አስረዱ። ዛሬ ሐኪሞች መድኃኒትን የሚቋቋሙ ተዋሕስያን እንዴት እንደሚነሡ የሚያስረዱት በዚሁ ትምህርት ነው።

በዚያው በ1943 ሌላው ስደተኛ፣ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኦስትሪያዊው ኤርቪን ሽሮዲንገር፣ በደብሊን ከተማ ሕይወት ምንድን ነው በሚል ርእስ ለሕዝብ ንግግር አደረጉ። በሚቀጥለውም ዓመት ንግግሩ በመጽሐፍ ታተመ። ዘር በአንድ ትልቅ ሞለኪውል ላይ እንደ ምሥጢር ጽሕፈት ተጽፎ መኖር አለበት አሉ። የሚያስገርመው ሽሮዲንገር መልሱን አለማግኘታቸው ነው፤ ጽሕፈቱ ያለበት ዕቃ ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም ብለው ያስቡ ነበር። ዴልብሩክም በሕይወት ውስጥ አዲስ የፊዚክስ ሕግ ይገኛል ብለው ተስፋ ቢያደርጉ እንዲህ ያለ ሕግ አልተገኘም። ነገር ግን ጥያቄውን ከውጭ መጥተው በአዲስ ዓይን ስለ ጠየቁት ብዙ ወጣቶችን ወደ ምርምሩ ሳቡ።

መልሱ የመጣው ከሐኪሞቹ ወገን ነው። በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ሐኪም የነበሩት ኦስዋልድ አቨሪ ከባልደረቦቻቸው ከኮሊን ማክላውድና ከማክሊን ማካርቲ ጋር ሆነው የግሪፊዝን ምሥጢር ለዓመታት ተከታተሉት። ፕሮቲኑን ቢያጠፉት ለውጡ አልቀረም፤ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ሲያጠፉት ግን ቀረ። ይህንንም በ1944 ሲያሳውቁ አቨሪ 66 ዓመታቸው ነበር። ብዙ ሊቃውንት ለማመን ተቸገሩ። ፕሮቲን ሃያ ያህል ፊደል እንዳለው ጽሕፈት ነው፤ ዲ.ኤን.ኤ. ግን ያለው አራት ብቻ ነው። በአራት ፊደል ይህን ያህል መጽሐፍ እንዴት ይጻፋል ብለው ተጠራጠሩ። አቨሪም የኖቤል ሽልማት ሳይቀበሉ በ1955 ዐረፉ። አልፍሬድ ኸርሺና ማርታ ቼዝ በ1952 በቫይረስ ባደረጉት ሙከራ የአቨሪ ቃል እውነት መሆኑ ይበልጥ ታመነ።

የቀረው የዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ ነበር። በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪ የነበሩት ሞሪስ ዊልኪንስ በጦርነቱ ጊዜ በአቶም ቦምብ ሥራ የተሰማሩ የፊዚክስ ሰው ናቸው። በካምብሪጅ የነበሩት ፍራንሲስ ክሪክም በጦርነቱ ጊዜ ለባሕር ኃይል ፈንጂ የሠሩ የፊዚክስ ሰው ሲሆኑ፣ ባልደረባቸው ጀምስ ዋትሰን የሉሪያ ደቀ መዝሙር የነበሩ የሥነ ሕይወት ሰው ናቸው። ሦስቱም የሽሮዲንገርን መጽሐፍ አንብበዋል። በኬሚስትሪ የሠለጠኑት ዶክተር ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ደግሞ ከተማሪያቸው ከሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር በ1952 በኤክስሬይ እጅግ የጠራ ፎቶግራፍ አስነሡ። ይህንንም ፎቶግራፍ በጥር ወር 1953 ዊልኪንስ ለዋትሰን አሳዩት፤ ፍራንክሊን ግን አላወቁም ነበር። በሚያዝያ 25 ቀን 1953 ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ሁለት ዘንግ ያለው መሆኑ ኔቸር በተባለው መጽሔት ለዓለም ተነገረ። አንዱ ዘንግ ለሌላው አምሳያ ስለ ሆነ ሁለቱ ሲለያዩ እያንዳንዱ ጓደኛውን መልሶ ይሠራል፤ ጽሕፈቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚገለበጠው እንዲህ ነው።

በ1962 ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ዶክተር ፍራንክሊን ግን በ1958 በ37 ዓመታቸው በካንሰር ሞተው ነበር። የፎቶግራፋቸው ዋጋ በይፋ የተመሰከረላቸው ከሞቱ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው። ይህን ስናነብ የሊቃውንቱን ብልሃት እያደነቅን፣ የባለቤቱ ስም ሳይነሣ የተወሰደ ድካም ግን ቅር ያሰኘናል።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ወደ ጀመረበት ወደ ሆስፒታል ተመልሷል። በ1966 የአራቱ ፊደላት ምሥጢር ሙሉ በሙሉ ተነበበ። በ1982 በባክቴሪያ የተሠራ የሰው ኢንሱሊን ለስኳር በሽተኞች እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2003 የሰው ዘር ጽሕፈትን፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል የያዘውን፣ የማንበቡ ታላቅ ሥራ መጠናቀቁ ታወጀ። በ2020 መጀመሪያ የኮቪድ ቫይረስ የዘር ጽሕፈት ለዓለም ሊቃውንት ታደለ፤ ያው ዓመት ሳያልቅም ክትባት መሰጠት ተጀመረ። ያን የቱቢንገን መግል የተጸየፈ ሰው ይህ ይመጣል ብሎ ባልገመተም ነበር።

አባቶቻችን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላሉ። እኛም ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ብቻውን ቢሆን ዲ.ኤን.ኤ.ን ይዞ ቅርጹን ባላወቀ ነበር፤ የፊዚክስ ሊቁም ብቻውን ቢሆን ሕጉን ፈልጎ ዕቃውን ባላገኘ ነበር። ከመካከላችን ሕክምና የሚማረው ሒሳብ ለእኔ ምን ያደርግልኛል አይበል፤ ፊዚክስ የሚማረውም የሆስፒታሉን ደጅ አይናቅ። ያላወቅነውን ከሌላው ክፍል ለመጠየቅ አንፈር፤ ከሌላው የወሰድነውንም ስሙን ጠርተን እንናገር። በዚህ አሳብ የምንለያይ ከሆነ ልዩ ልዩ መንገድ መያዛችን አያሳዝነንም፤ በሥራ ላይ መልሰን እንገናኛለንና።