የትምህርት ምርጫ በአገራችን ከየት መጣ?

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እኛ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ከፊታችን ተደቅኖብናል። ይኸውም በመጪው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ እንማር ወይስ የኅብረተሰብ ሳይንስ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን የመረጠ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጠብቁታል፤ ሁለተኛውን የመረጠ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይማራል። የሒሳቡ ፈተና እንኳ ለሁለቱ ልዩ ልዩ ነው። ወላጆቻችን አንድ ይላሉ፤ ጓደኞቻችን ሌላ ይላሉ። እኛ ግን ከመወሰናችን አስቀድሞ የዚህን ምርጫ ታሪክ መመርመር መልካም መስሎ ታየን።

ነገሩን ከሰፈራችን ስም እንጀምር። ካዛንቺስ የተባለው ስም የመጣው ኢጣልያ አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘችበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቿ ቤት ከሚያሠራው ድርጅት ነው። «ካዜ» በኢጣልያንኛ ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» የድርጅቱ አጭር መጠሪያ ነበር። እንግዲህ ሰፈራችን በስሙ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ነው። ከቀድሞው ሰፈር ብዙው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ቢሄዱም ስሙ አልጠፋም። «ተምሮ መንግሥት ቤት መግባት» የሚለው አሳብም እንዲሁ ከብዙ ቤተ ሰቦች ልብ አልጠፋም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤትም ሳይዘገይ ተከፈተ። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ሲሆኑ የውጭ አገር ቋንቋዎች ከዋናዎቹ ትምህርቶች ይቈጠሩ ነበር። ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚጻጻፍና የሚያስተረጕም ሰው ያስፈልግ ነበርና ነው። የሚማረውን የመረጠው ተማሪው ሳይሆን የዘመኑ ችግር ነበር።

ከነጻነት በኋላም እንዲሁ ሆነ። ተግባረ እድ በ1934 ዓ.ም.፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም በ1935 ዓ.ም. ተቋቋሙ። አገር እጅ የሠለጠነለት ባለሙያና ሒሳብ ያዥ ፈልጋ ነበርና። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ኋላም በመልቀቂያው ፈተና አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ለዩኒቨርሲቲ ግድ ሆኑ።

በ1967 ዓ.ም. ግን የሚመረጥ ነገር አልነበረም። የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወረዱ።

ዛሬ የምናውቀው ክፍፍል የመጣው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው። ብሔራዊው የ10ኛ ክፍል ፈተና በ1993 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ያለፉትም በመሰናዶ ክፍል በሁለት ተከፈሉ። ይህ ፈተና በኋላ ሲቀር ክፍፍሉ ግን ጸና። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ከ100 የዩኒቨርሲቲ ቦታዎች 70ው ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30ው ለኅብረተሰብ ሳይንስ እንዲሆን ወሰነ።

መንግሥት ሐኪምና መሐንዲስ መፈለጉ ነቀፋ የለበትም፤ ድኻ አገር ሁለቱም ያስፈልጓታልና። ክፉው ነገር «ጐበዝ ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ ይገባል፤ ሰነፍ ኅብረተሰብ ይገባል» የሚለው አነጋገር ነው። ይህን እኛም ራሳችን ስንል ኖረናል። ዳሩ ግን የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት ምን ያሳያል? ከ896,520 ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም 22,936 የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 6,973 የኅብረተሰብ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ከሒሳብ ለሚሸሽ ሰው መጠለያ አይደሉም። ፊዚክስም ቢሆን ለክብር ሲባል የሚለበስ ካባ አይደለም።

ከታሪኩ የተማርነው ይህ ነው፤ በየዘመኑ ተማሪው ከመምረጡ በፊት ዘመኑ መርጦለት ቈይቶአል። የኛ ዘመንም የራሱ ፍላጎት አለው፤ እሱንም ማወቅ ይገባል። ነገር ግን ሁለት ዓመት በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ወላጅም ጓደኛም ሳይሆን ተማሪው ራሱ ነው።

ስለዚህ የክፍል ጓደኞቻችን ሆይ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ አንቸኵል። የ9ኛውንና የ10ኛውን ክፍል ካርዳችንን አውጥተን ሳናፍር እንመልከት። ያለ ማንም ቀስቃሽ የምናነበው የትኛውን መጽሐፍ እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። መምህራንን እናማክር፤ ወላጆቻችንንም በአክብሮት እናስረዳ። ከዚያ በኋላ የመረጥነውን በርትተን እንማር። ይህን ትምህርት ቤት ላቆዩልን ቀደምቶች ከዚህ የሚበልጥ የበዓል ስጦታ የለንም እንላለን።